አልያዘላትም የተባለች ላም፦ ሽሉ የጠፋው በስንተኛው ቀን ነው?

ላም ሦስት ጊዜ ተዳቅላ እንደገና ወደ ድራት፣ ማለትም ኮርማ ወደምትፈልግበት ጊዜ፣ ስትመለስ ብዙውን ጊዜ የሚሰጣት ስም አንድ ነው፤ መካን። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድም የታወቀ ነው፤ ቄራ። በእንስሳት ርቢ ላይ የተደረገው ምርምር ግን ይህ ፍርድ በአብዛኛው ስህተት መሆኑን አሳይቷል። ጤነኛ ላም በትክክለኛው ሰዓት በጥሩ አባለዘር (የኮርማ ዘር ፈሳሽ) ከተዳቀለች ከ100 ማዳቀል በ90 ገደማው የወንዴው ዘርና እንቁላሉ ተገናኝተው ሽል ይፈጠራል። ከአንድ ማዳቀል ጥጃ የሚወለደው ግን ነገሮች በተቃኑበት ሁኔታ እንኳ ከ100 በ55 ገደማው ነው፤ ብዙ ወተት በሚታለቡ ላሞች ዘንድ ቁጥሩ ከዚህም ይወርዳል። በ90 እና በ55 መካከል ያለው ክፍተት መካንነት አይደለም። ላሟ አርግዛ ነበር፤ የጠፋው ሽሉ ነው።

የሚጠፋውም ሰው በማያይበት ጊዜ ነው። ከሚጠፉት ሽሎች አብዛኞቹ የሚሞቱት 16 ቀን ሳይሞላቸው ሲሆን፣ በዚያ ዕድሜ ሽሉ ከማህፀኑ ግድግዳ ጋር እንኳ አልተያያዘም። ደም አይፈስም፣ የሚወድቅ ነገር የለም፣ ላሟም አትታመምም። በ21ኛው ቀን ገደማ ድራት ላይ ትታያለች፤ ባለቤቷም «አልያዘላትም» ይላል። ስለዚህ «ለምን አትወልድም?» ከሚለው ጥያቄ በፊት መቅደም ያለበት «በስንተኛው ቀን ጠፋ?» የሚለው ነው። ምክንያቱ ከቀኑ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ሽልን በ2ኛው ቀን የሚገድለውና በ7ኛው ወር የሚያስወርደው ነገር ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

እዚህ የማነሳው በዋናነት የወተት ላምን ነው። በበግ፣ በፍየልና በሌሎችም አመንዣጊዎች የቀኑ ቁጥር ቢለያይም አሠራሩ ተቀራራቢ ነው። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ቀን

ያላረገዘች ላም ወይም ለአቅመ ርቢ የደረሰች ጊደር በአማካይ በየ21 ቀኑ ድራት ታሳያለች፤ ከ18 እስከ 24 ቀን ያለው ልዩነት ጤናማ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከአንጎል ነው። በአንጎል ሥር ያለች ትንሽ ክፍል ጂኤንአርኤች የተባለ፣ ከ10 አሚኖ አሲዶች ብቻ የተሠራ ሆርሞን ታመነጫለች። ይህ ሆርሞን ፒቱታሪ የተባለውን ዕጢ ያዝዛል፤ ፒቱታሪም እንቁላል የሚያድግበትን አካል፣ ኦቫሪን፣ ያዝዛል። የዚህን ሆርሞን ምንነት ለማወቅ አንድሩ ሻሊ እና ሮጀር ጊዬማን የሚመሯቸው ሁለት ቡድኖች ከቄራ የተሰበሰቡ እጅግ ብዙ የአሳማና የበግ አንጎል ክፍሎችን ለዓመታት ሲያጣሩ ኖረዋል። በ1971 የሆርሞኑ አወቃቀር ታወቀ፤ በ1977 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት አገኙ። ዛሬ የእንስሳት ሐኪም ላሟን የሚወጋት አንዱ መድኃኒት የዚያ ልፋት ፍሬ ነው።

በኦቫሪው ላይ እንቁላል ያቀፉ፣ ፈሳሽ የሞላባቸው ከረጢቶች ያድጋሉ፤ ፎሊክል ይባላሉ። በ1980ዎቹ አልትራሳውንድ ወደ ላም ምርመራ ሲገባ የታየው አስገራሚ ነገር፣ ፎሊክሎች በአንድ የድራት ዙር ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በቡድን እየተነሡ እንደሚያድጉ፣ በየጊዜውም አንዱ ብቻ ሌሎቹን በልጦ እንደሚወጣ ነው። የመጨረሻው ቡድን አሸናፊ ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን በብዛት ያመነጫል። ላሟን የሚያስጮኻት፣ እረፍት የሚነሣት፣ ሌላ ከብት ሲወጣባት ቆማ እንድትቀበል የሚያደርጋት ይኸው ኤስትሮጅን ነው። እንቁላሉ የሚወጣው ግን ወዲያው አይደለም፤ ቆማ መቀበል ከጀመረች ከ24 እስከ 32 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ ጠባብ ነው። የወጣው እንቁላል ጥንካሬውን ይዞ የሚቆየው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ነው። የወንዴው ዘርም ማህፀን እንደገባ ወዲያው እንቁላሉን ሊያዳቅል አይችልም፤ በሴቷ አካል ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ቆይቶ መለወጥ አለበት። ይህን ለውጥ በ1951 ሚን ቹ ቻንግ በአሜሪካ፣ ኮሊን ኦስቲን በአውስትራሊያ በየፊናቸው ደረሱበት። እንግዲህ ዘሩ ቀድሞ ደርሶ እንቁላሉን መጠበቅ አለበት፤ እንቁላሉ ዘሩን የሚጠብቅበት አቅም የለውም። ጠዋት ድራት የታየባት ላም በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ፣ አመሻሽ ላይ የታየባት ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል የሚለው መመሪያ ከ1940ዎቹ ጀምሮ በመስክ ሙከራ የተገኘ ነው፤ ለምን ትክክል እንደሆነ ያብራራው ግን በኋላ የመጣው የዘርና የእንቁላል ጥናት ነው።

ፈተናው ድራትን ማየት ላይ ነው። ብዙ ወተት በሚሰጡ ላሞች ቆሞ የመቀበያው ጊዜ ወደ 7 ወይም 8 ሰዓት ሊያጥር ይችላል፤ እርሱም ሌሊት ሊያልፍ ይችላል። ሌሎች ላይ የምትወጣዋን ላም ሳይሆን ሲወጡባት የማትሸሸዋን መለየት ያስፈልጋል። ከብልቷ የሚወርድ ንጹሕ ዝልግልግ ፈሳሽ ጥሩ ደጋፊ ምልክት ነው። ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ግን ድራቱ ካለፈ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን በኋላ የሚታይ ነው፤ ያኔ ማዳቀል ጊዜው ያለፈበት ሥራ ነው። ብዙዎች ይህን ደም እርግዝናው ለመክሸፉ ምልክት አድርገው ይወስዱታል፤ አይደለም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ቀኑ ከተጻፈ የሚቀጥለው ድራት ከ18 ቀን ገደማ በኋላ እንደሚመጣ ይናገራል።

ፕሮጄስትሮን የተባለውን የእርግዝና ሆርሞን በወተት ውስጥ መለካት ከተቻለ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ሌላ የሚያሳዝን እውነት ገልጠዋል፤ ከሚዳቀሉት ላሞች ቀላል የማይባሉት በዚያ ሰዓት ጭራሽ ድራት ላይ አይደሉም። ጥቂቶቹም ቀድሞ ያረገዙ ናቸው፤ ያረገዘችን ላም የማህፀን ጫፍ አልፎ በመሣሪያ መንካት ደግሞ እርግዝናውን ሊያጠፋ ይችላል።

ስለ አባለዘሩም አንድ ነገር ልበል። ሰው ሠራሽ ማዳቀል አዲስ አይደለም፤ ጣሊያናዊው ካህንና ተመራማሪ ላዛሮ ስፓላንዛኒ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በውሻ ላይ ሞክሮ ሦስት ቡችሎች አግኝቷል። በ1936 ዴንማርክ ውስጥ አርቢዎች ላሞቻቸውን በዚህ መንገድ ለማዳቀል የመጀመሪያውን ማኅበር አቋቋሙ። ሥራውን ዓለም አቀፍ ያደረገው ግን በ1949 ለንደን ውስጥ የተፈጠረ አጋጣሚ ነው። ክሪስቶፈር ፖልጅ፣ ኦድሪ ስሚዝ እና አላን ፓርክስ የዶሮ ዘር ህዋስን አቀዝቅዘው ለማቆየት ሲሞክሩ፣ ስኳር ነው ተብሎ ከተቀመጠ ጠርሙስ የወሰዱት ፈሳሽ ዘሩን ከቅዝቃዜው አተረፈው። ጠርሙሱ ሲመረመር ግን ውስጡ የነበረው ግሊሰሮል ነበር። ምልክቱ የተሳሳተ ጠርሙስ ነው የዘመናዊ ርቢን በር የከፈተው። በ1951 ከቀዘቀዘ አባለዘር የተገኘ የመጀመሪያው ጥጃ ተወለደ።

ዛሬ አባለዘሩ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ወጥቶ ማህፀን እስኪገባ ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም ብዙ ዘር የሚያልቀው እዚያ ነው። ቀጭኗን ቱቦ ከናይትሮጅኑ ደጋግሞ ብቅ ማድረግ፣ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ በሆነ ውኃ ማቅለጥ ሲገባ በእጅ መዳፍ ወይም በብብት ማሟሟት፣ አቅልጦ ሌላ ሥራ መያዝ፣ ሁሉም ዘሩን ይገድላሉ። በእነዚህ ምክንያቶች ያላረገዘችን ላም መካን ማለት ታላቅ በደል ነው።

ከ2ኛው እስከ 16ኛው ቀን

የተዳቀለው እንቁላል የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያሳልፈው በእንቁላል ማስተላለፊያ ቱቦ ውስጥ ነው። ማህፀን የሚገባው በ4ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ሲሆን ከዚያም ገና ሁለት ሳምንት ያህል ሳይያያዝ ይንሳፈፋል። በዚህ ጊዜ የሚመገበው የማህፀኑ ግድግዳ የሚያመነጨውን ፈሳሽ ነው። ግድግዳው ፈሳሹን እንዲያመነጭ የሚያዝዘው ፕሮጄስትሮን ነው፤ ፕሮጄስትሮንን የሚያመነጨውም እንቁላሉ በወጣበት ቦታ ላይ የሚያድገው ቢጫ አካል ነው። ቢጫው አካል ቶሎ ካልጠነከረ ምግቡ ይዘገያል፤ ሽሉም ይቀጭጫል። ጉዳቱ ግን የሚታየው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ሙቀትም በዚህ ጊዜ ይገድላል። ሽሉ ለላሟ የሰውነት ሙቀት መጨመር እጅግ የሚጋለጠው በ1ኛውና በ2ኛው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የመቋቋም አቅሙ እያደገ ይሄዳል። ማዳቀል በተደረገበትና በማግስቱ ባሉት ቀናት ላሟን ረጅም መንገድ መንዳት ወይም ጥላ በሌለበት ማቆም ስለዚህ ነው ጉዳቱ ከሌላ ጊዜ የሚብሰው። በሙቀት ወራት የ7 ቀን ሽል ከሌላ ላም ወስዶ ማስቀመጥ ከተራ ማዳቀል የተሻለ ውጤት የሚሰጠውም አደገኛዎቹ ቀናት ስለሚዘለሉ ነው።

አሁን ወደ 16ኛው ቀን እንምጣ፤ ከጠቅላላው ታሪክ እኔን እጅግ የሚገርመኝ ክፍል ይህ ነው። ማህፀኑ በዚህ ጊዜ ገደማ አንድ ውሳኔ ይወስናል። እርግዝና ከሌለ ፕሮስታግላንዲን የተባለ ኬሚካል ይለቅና ቢጫውን አካል ያጠፋዋል፤ ፕሮጄስትሮን ይወርዳል፣ ላሟም ወደ ድራት ትመለሳለች። ሽሉ ካለ ይህን ማስቆም ያለበት ራሱ ነው። ለዚህም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሚሊሜትሮች ተነስቶ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ የሚረዝም ክር ይሆናል፤ በማህፀኑ ውስጥ ተዘርግቶም ኢንተርፌሮን ታው የተባለ ፕሮቲን ያመነጫል። ኢንተርፌሮኖች አካል ከቫይረስ ጋር ሲዋጋ የሚጠቀምባቸው ፕሮቲኖች መሆናቸው ከቀድሞ ይታወቃል። አመንዣጊ እንስሳት ከዚህ ቤተሰብ አንዱን ለእናትና ለልጅ መነጋገሪያ አድርገውታል። መልእክቱ በበቂ መጠን ከደረሰ ማህፀኑ ፕሮስታግላንዲኑን ይይዛል፤ እርግዝናው ይቀጥላል። ሽሉ ከቀጨጨና ድምፁ ካነሰ ግን ሕይወት እያለው እንኳ እናቱ አካል ውስጥ ቦታ ያጣል። በ3ኛው ቀን የተጎዳው ሽል የሚወድቀው በ16ኛው ቀን የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ይህን የተረዳ ሰው ላሟ ወደ ድራት የተመለሰችበትን ቀን በመቁጠር ብቻ ብዙ ነገር ማወቅ ይችላል። ከ18 እስከ 24 ቀን ባለው ጊዜ ከተመለሰች ወይ እንቁላሉ አልተዳቀለም፣ ወይ ሽሉ ከ16ኛው ቀን በፊት ጠፍቷል። ከ25 እስከ 35 ቀን ባለው ጊዜ ከሆነ ሽሉ መልእክቱን አድርሶ በኋላ ጠፍቷል፤ ወይም ከሁለቱ ድራቶች አንዱ በስህተት የተመዘገበ ነው። በ42 ቀን ዙሪያ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በመካከል ያለፈና ሰው ያላየው ድራት ነው።

ከመዳቀሏ በፊት የነበሩት ወራት

ላሟ በተዳቀለች ቀን የምትወጣው እንቁላል በዚያ ሳምንት የተሠራች አይደለችም። ከእንቅልፏ ነቅታ እስክትበስል ወራት ይወስድባታል። ላሟ ከወለደች ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ የምትዳቀልበት እንቁላል ማደግ የጀመረችው እንግዲህ በወሊዱ አካባቢ፣ ላሟ እጅግ በተጨነቀችበት ጊዜ ነው።

ጭንቀቱ የጉልበት ጭንቀት ነው። ወተቷ ጣራ የሚነካው ከወለደች ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ የመብላት አቅሟ ግን ዘግይቶ ነው የሚደርስበት። በመካከል ያለውን ጉድለት ከራሷ ስብ ትሞላለች። አንጎሏ ይህን ሲያውቅ ለኦቫሪ የሚልከውን ትእዛዝ ይቀንሳል፤ ድራት ይዘገያል። ከስቡ የሚወጡት አሲዶችም በደሟ አልፈው እንቁላሉ እስካለበት ፈሳሽ ይደርሳሉ፤ በቤተ ሙከራ እንደታየው እንዲህ ያለ ፈሳሽ ውስጥ ያደገ እንቁላል ጥሩ ሽል አይወጣውም።

ብዙዎች መፍትሔው ላሟን ከመውለዷ በፊት ማወፈር ይመስላቸዋል። ይህ ደግሞ ተቃራኒውን ያመጣል። ከመጠን በላይ የወፈረች ላም ስትወልድ የምግብ ፍላጎቷ ከሌሎቹ ይበልጥ ይወርዳል፤ ስቧንም በፍጥነት ታቃጥላለች፤ ጉበቷ ይጎዳል። የሰውነት አቋም ከ1 እስከ 5 በሚለካበት ሚዛን ላሟ ስትወልድ ከ3 እስከ 3.5 ብትሆን፣ ከዚያ በኋላም ከግማሽ ነጥብ በላይ ባትወርድ መልካም ነው። ዋናው መክሳቷ ወይም መወፈሯ ብቻ አይደለም፤ በወሊድ ዙሪያ ምን ያህል በፍጥነት እንደቀነሰች ነው።

ማህፀኑም የራሱ ሥራ አለበት። በወሊድ ቀን 9 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ማህፀን በአንድ ወር ውስጥ ከአንድ ኪሎ በታች ይሆናል። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ከ100 ላሞች በ80ዎቹና ከዚያም በላይ በሆኑት ማህፀን ውስጥ ባክቴሪያ ይገኛል፤ ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። ጤነኛዋ ላም ታጸዳዋለች። ያላጸዳችው ግን ሽታ ያለው ወይም መግል የቀላቀለ ፈሳሽ ታሳያለች፤ አንዳንዷም ምንም ሳታሳይ ማህፀኗ እንደቆሰለ ይቆያል። እንደ ኢ. ኮላይ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚለቁት መርዝ ኦቫሪ ድረስ ዘልቆ ኤስትሮጅን እንዳይመረት ያደርጋል። የማህፀን ቁስለት የነበረባት ላም ከዳነች በኋላም ለወራት ለማርገዝ የምትቸገረው በዚህ የተነሣ ነው።

የእንግዴ ልጅ መዘግየት ከዚህ ጋር ይያያዛል። በተለምዶ ከወሊድ በኋላ በ12 ሰዓት ውስጥ ይወጣል፤ 24 ሰዓት ካለፈ ዘግይቷል ይባላል። ለመውጣቱ የላሟ ነጭ የደም ህዋሳት ድርሻ አላቸው፤ የእንግዴ ልጁን እንደ እንግዳ አካል ቆጥረው ከማህፀኑ ግድግዳ እንዲላቀቅ ይረዳሉ። እነዚህ ህዋሳት የደከሙባት ላም፣ ለምሳሌ ቫይታሚን ኢ እና ሴሊኒየም ያነሳት፣ ይዘገይባታል። በእጅ እየጎተቱ ማውጣት ለዘመናት የተለመደ ነው፤ ምርምሩ ግን ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን አላሳየም። ግድግዳው ይቀደዳል፣ ባክቴሪያውም ወደ ውስጥ ይገባል። ላሟ ትኩሳት ካላት ሐኪም ያክማት፤ የሚጎተተው ግን አይጎተት።

በደም ውስጥ የተደበቀው

በ1962 አሜሪካ ውስጥ ፓውኒ ፋርም አርሊንዳ ቺፍ የተባለ የሆልስታይን ኮርማ ተወለደ። ልጆቹ ብዙ ይታለቡ ስለነበር አባለዘሩ ተፈላጊ ሆነ፤ 16,000 ሴት ልጆች፣ 500,000 የልጅ ልጆች፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ የልጅ ልጅ ልጆች አፍርቷል። ማንም ያላወቀው ግን በአንድ ጂኑ ላይ ስብራት ነበረበት። ስብራቱን ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰ ከብት ምንም አይሆንም፤ ከእናትም ከአባትም የወረሰው ሽል ግን ማህፀን ውስጥ ይሞታል።

የተገኘበት መንገድ ድንቅ ነው። በ2011 ተመራማሪዎች የብዙ ሺህ ከብቶችን ዘረመል ሲያነጻጽሩ አንድ የዘረመል ቁራጭ በነጠላ በብዙዎች ላይ ሲገኝ በጥንድ የያዘው አንድም ሕያው ከብት አጡ። በስሌት መኖር ሲገባቸው የሌሉት ከብቶች የት ገቡ? ሳይወለዱ ሞተዋል። በ2016 የታተመ ጥናት ስብራቱ አፓፍ1 በተባለው ጂን ላይ መሆኑን፣ ምንጩም ቺፍ መሆኑን አረጋገጠ። በዓለም ዙሪያ 500,000 ገደማ ጥጆች በዚህ ሳቢያ እንደጠፉ፣ ኪሳራውም 420 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ተገመተ። ይኸው ጥናት ኮርማው በወተት በኩል ያስገኘውን ጥቅም 30 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አድርጎ ገምቶታል። ስለዚህ ቺፍን መኮነን አይገባም። የሚገባው አባለዘር ሲመረጥ የተሸካሚነት ምርመራ ውጤትን ማየት፣ ተሸካሚን ከተሸካሚ አለማዳቀል ነው። ኮርማ ልጆቹንና እህቶቹን የሚያጠቃበት መንጋ ደግሞ ስሙ ያልታወቀ ብዙ እንዲህ ያለ ስብራት ያገናኛል።

እውነተኛ መካንነትም አለ። ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጥጃ ከአሥሩ በዘጠኙ ገደማ መካን ናት። በማህፀን ሳሉ የሁለቱ ደም ስለሚቀላቀል የወንዱ ሆርሞኖች የእርሷን የመራቢያ አካል እድገት ያስቆማሉ። ይህን ፍራንክ ሊሊ በ1916 አብራርቶታል፤ እንዲህ ያለችዋ ጥጃ ገና ከጅምሩ ተለይታ ለሥጋ ብትያዝ ይሻላል።

ሲያስወርዳት

ከ5ኛው ወር በኋላ የሚያስወርድ ላም ጉዳይ ከእስካሁኑ የተለየ ነው፤ እዚህ ላይ የሰውም ጤና አብሮ አደጋ ላይ ነው። ላምን የሚያስወርደውንና ወደ ሰውም የሚተላለፈውን የብሩሴሎሲስ በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ዴቪድ ብሩስ በ1887 በማልታ ያገኘው ከሞቱ ወታደሮች አካል ነበር፤ በርንሃርድ ባንግ ደግሞ የቅርብ ዘመዱን በ1897 በዴንማርክ ከሚያስወርዱ ላሞች አገኘ። ለዓመታት በሽታው ለሰው ከየት እንደሚመጣ አልታወቀም። በ1905 ማልታዊው ሐኪም ቴሚስቶክሊስ ዛሚት ጤነኛ የሚመስሉ ፍየሎችን መርምሮ በደማቸውና በወተታቸው ውስጥ አገኘው። ቁም ነገሩ «ጤነኛ የሚመስሉ» የሚለው ላይ ነው። የታመመች ላም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ታስወርዳለች፤ ከዚያ በኋላ ደህና ትወልዳለች፤ ባክቴሪያውን ግን በወተቷና በወሊድ ፈሳሿ ለዓመታት ልትለቅ ትችላለች። ስለዚህ ያስወረደችን ላም ያለ ጓንት መንካት፣ የወረደውን ጽንስና የእንግዴ ልጁን ሜዳ ላይ መጣል፣ ወተቷን ሳያፈሉ መጠጣት አይገባም። ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ፤ ቀሪው ይቃጠል ወይም በጥልቀት ይቀበር። ክትባት አለ፤ ኤስ19 የተባለው ለሴት ጥጆች በተለምዶ ከ3 እስከ 8 ወር ዕድሜ ይሰጣል። ሕያው ባክቴሪያ ስለሆነ የሚከትበው ሰው ራሱን በመርፌ እንዳይወጋ መጠንቀቅ አለበት።

የእንግዴ ልጁን ውሻ እንዳይበላው የሚያስገድድ ሌላም ምክንያት አለ። ኔዮስፖራ የተባለው፣ ላሞችን የሚያስወርድ ጥገኛ ተህዋስ በ1988 ተለይቶ ተሰየመ፤ በ1998 ደግሞ በሽታውን በሰገራው የሚያሰራጨው ውሻ መሆኑ ታወቀ። ውሻው ከወረደው ጽንስ ወይም ከእንግዴ ልጅ ይወስዳል፣ በሰገራው መኖና ውኃ ይበክላል፣ ላሟም ከዚያ ትወስዳለች። ከእናት ወደ ሴት ልጅ በማህፀን ስለሚተላለፍ አንድ የዘር ሐረግ ለትውልዶች ሲያስወርድ ይኖራል።

ቢቪዲ የተባለው ቫይረስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ስውር ነው። ላሟ ከእርግዝናዋ 40ኛ እስከ 120ኛ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ከተያዘች፣ ጽንሱ የራሱንና የባዕዱን መለየት ገና አልጀመረም። ቫይረሱን የራሱ አካል አድርጎ ይቀበለዋል፤ ከሞት ከተረፈም ዕድሜውን ሁሉ ቫይረሱን እየለቀቀ የሚኖር ጥጃ ይወለዳል። እንዲህ ያለው አንድ ጥጃ መንጋውን ሁሉ ይበክላል። ከጆሮው በሚወሰድ ትንሽ ቁራጭ ሥጋ መለየት ይቻላል፤ የስካንዲኔቪያ አገሮች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያለ ክትባት፣ እንዲህ ያሉትን ለይቶ በማስወጣት ብቻ በሽታውን ከመንጋዎቻቸው ማጥፋት ችለዋል።

በኮርማ የሚተላለፉት ካምፒሎባክተር እና ትሪኮሞናስ የተባሉ ተህዋስያን ግን ብዙውን ጊዜ የሚገድሉት ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ኮርማው ምንም ምልክት አያሳይም። በአንድ መንጋ ብዙ ላሞች በተመሳሳይ ወቅት ቀናቸው እየተዛባ ወደ ድራት ከተመለሱ መጀመሪያ የሚመረመረው እርሱ ነው። ለነገሩ ኮርማን መመርመር ሁልጊዜም የሚዘነጋ ሥራ ነው። የዘር ፍሬው ከሰውነቱ ጥቂት ዲግሪ መቀዝቀዝ ይኖርበታል፤ ዘሩ ተሠርቶ እስኪያልቅ 61 ቀን ይወስዳል። ዛሬ ጤነኛ የሚመስል ኮርማ ከሁለት ወር በፊት ትኩሳት ይዞት ከነበረ ላሞቹ የማያረግዙት አሁን ነው።

መርፌውና ምርመራው

ድራትን የማየት ችግር ያስመረራቸው ተመራማሪዎች በ1995 አንድ ዘዴ አቀረቡ። ላሟ ጂኤንአርኤች ትወጋለች፤ ከ7 ቀን በኋላ ፕሮስታግላንዲን፣ ከዚያ ከ2 ቀን በኋላ እንደገና ጂኤንአርኤች፤ ከ16 ሰዓት ገደማ በኋላ ድራት ታየም አልታየ ትዳቀላለች። ዘዴው ከላይ የተገለጸውን ሁሉ በቅደም ተከተል ይጠቀማል፤ አዲስ የፎሊክል ቡድን ያስነሣል፣ ቢጫውን አካል ያጠፋል፣ እንቁላሉን በታወቀ ሰዓት ያስወጣል። ነገር ግን የከሳችን ወይም ማህፀኗ የቆሰለን ላም አያድንም። ፕሮስታግላንዲን ያረገዘችን ላም ስለሚያስወርድ ያለ እርግዝና ምርመራ አይሰጥም። በቆዳ ስለሚገባም ነፍሰ ጡር ሴቶችና አስም ያለባቸው ሰዎች ሊነኩት አይገባም።

የእርግዝና ምርመራውን አልትራሳውንድ ከ28ኛው ቀን ጀምሮ፣ የሠለጠነ እጅ ደግሞ ከ35ኛው እስከ 45ኛው ቀን ባለው ጊዜ ሊያደርገው ይችላል። በደም ወይም በወተት ውስጥ ከእንግዴ ልጅ የሚወጡ ፕሮቲኖችን የሚለካ ምርመራም አለ። ቀድሞ መመርመሩ ባዶዋን ላም ጊዜ ሳይባክን መልሶ ለማዳቀል ይረዳል። በ30ኛው ቀን አርግዛለች የተባለች ላም ግን በ60ኛው ቀን ገደማ ደግማ መታየት አለባት፤ በሁለቱ መካከል የሚጠፋ ሽል ስላለ፣ ያ ካልታወቀ ላሟ ለወራት እንዳረገዘች ተቆጥራ ባዶዋን ትቀመጣለች።